ሲጢጥ የሚለው ጉልበት

በዚያን ቀን በኮምቦልቻው ግቢ የነበሩትን ሁሉ ልጥራ፤ አንድ ሰው ረስቼ እንዳይቀየመኝ። ከክፍለ ሀገሩ የመጣው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ከነካኪ ልብሱ ነበረ። የሚጽፍለት ጸሐፊ ከጎኑ ነበረ። ከደሴ አብራቸው የመጣች አንዲት ነርስ ነበረች። ሾፌራቸውም ነበረ፤ እሱ ግን ከመኪናው አልወርድም ብሎ ሁሉን ነገር በመስኮት ነው ያየው። ከግቢው ሰዎች ብረት ሠሪው ነበረ፤ ቆዳ ሰፊው ጓደኛውም ነበረ። እኔ ነበርኩ። የሰባት ዓመት ልጄ ነበረች። የጎረቤት ውሻም ነበረ። ውሻውን የምጠራው ለጨዋታ አይደለም፤ በዚያን ቀን ከብዙዎቻችን የበለጠ ሥራ የሠራው እሱ ነው።

ሌሎች ሁለት እናቶችም ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ ተብሎ ነበር። አንዷ ልጄን አተኮሰው ብላ ቀረች። ሌላዋ ዘመድ ሞተብኝ አለች። የሞተ ዘመድ እንደሌላት አውቃለሁ፤ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት፤ ዘመድ ቢሞትባት እኔ ነበርኩ ቀድሜ የማለቅስ። ለምን እንደ ቀሩም አውቃለሁ። እኔም ለመቅረት ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄን በሦስት ዓመቷ ትኩሳት ያዛት፤ ትኩሳቱ ሲለቃት ቀኝ እግሯን ይዞት ሄደ። እግሩ አለ፣ ግን አይሸከማትም። ከዚያ ወዲህ በጀርባዬ ነበር የማመላልሳት። የምንኖርበትን የደሴን ሆጤ ሰፈር የሚያውቅ ሰው መንገዱ ዳገት መሆኑን ያውቃል። እኔ ደግሞ የምፈራ ሰው ነኝ። ሌላ ሰው ደመና ሲያይ የተሰጣ ልብስ ያስገባል፤ እኔ ሰማዩ ጥርት ሲል ነው የማስገባው፣ ምን ሊመጣ ነው ብዬ። እንዲህ ያለች ሴት እግሯ የማይሸከማት ልጅ ስትሰጣት ምን እንደምትሆን አስቡት።

አንድ ቀን ቀበሌው ለኅብረት ሱቁ አዲስ በር አሠራ። በሩን ሊገጥም የመጣው ከኮምቦልቻ የእጅ ባለሙያዎች ማኅበር አንድ ብረት ሠሪ ነው። እኔ ስኳር ለመቀበል ተሰልፌያለሁ፤ ልጄን መሬት ላይ አስቀምጫታለሁ። ሰውየው በሩን ትቶ እግሯን አየ። ከዚያ እግሯን ትቶ የበሩን ማጠፊያ አየ። ደግሞ እግሯን አየ። እኔ እንዲህ ደጋግሞ የሚያይ ሰው አልወድም፤ ነጠላዬን ጣል አደረግሁባት።

“እህቴ፣ አልበላትም” አለኝ። “ገመድ ቢጤ አለሽ?”

ገመድ አልነበረኝም። ከራሱ ኪስ ሲባጎ አወጣና ከጭኗ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ለካት፤ ሲባጎውን ቋጠሮ ቋጠሮ አድርጎ ኪሱ ከተተው። እብድ ነው ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ስኳሩም አለቀብኝ።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ መጣ። ያመጣው ነገር ሁለት ቀጫጭን ብረት ነው፤ ከአሮጌ አልጋ የተቆረጠ። አንዱ በእግሯ በስተውስጥ፣ አንዱ በስተውጭ ይቆማል። ጉልበቷ ጋ የበር ማጠፊያ አለው፤ ስትቆም የሚጠብቅ፣ ስትቀመጥ የሚታጠፍ። ከላይና ከታች ቆዳ ሰፊው ጓደኛው የሰፋው ማሰሪያ አለ። ታችኛው ጫፍ ከጎማ ጫማ ጋር ተያይዟል። በልጄ እግር ላይ አሰረውና እጇን ይዞ አቆማት፤ ከዚያ እጇን ለቀቃት። ያን ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ስለዚህ የመጀመሪያ እርምጃዋን ሰማሁት እንጂ አላየሁትም። ሲጢጥ አለ።

ማጠፊያው ዘይት ቢቀባ ዝም ይላል፤ በማግሥቱ እንደገና ሲጢጥ ይላል። የሰፈሩ ልጆች “በሯ መጣች” ይሏት ጀመር። እሷ ደግሞ “አንኳኩታችሁ ግቡ” ትላቸው ነበር። እኔ ግን ድምፁን ወደድኩት። ቤት ውስጥ ሆኜ ልጄ የት እንደ ደረሰች በጆሮዬ እከተላታለሁ።

ችግሩ ልጅ ማደጉ ነው። ዓመት ሳይሞላ ብረቱ አጠረ፤ ማጠፊያው ከጉልበቷ በታች ዋለና ሥጋዋን ይነክሳት ጀመር። ብረት ሠሪው መጥቶ አየ፤ ለጊዜው ቆዳ ደርቦ አለሰለሰላትና አንገቱን ነቀነቀ።

“በር ለክቼ ብሠራ ዕድሜ ልኩን ያው በር ነው” አለኝ። “ልጅሽን ግን በየዓመቱ መለካት አለብኝ። አልጋውም አልቋል። ብረት በኮታ ነው፤ ለመስኮት እንጂ ለእግር ኮታ የለም።”

ከዚያ ስለ ኮሚቴው ነገረኝ። መንግሥት በዚያን ጊዜ፣ ለጤና የሚሆን አዲስ ነገር አስበው በአገር ውስጥ ለሚሠሩ ማኅበራት ገንዘብና ብረት ልስጥ ብሎ ነበር። ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ እየዞረ ያያል፣ የወደደውን ይረዳል። ኮሚቴው ከፈቀደ ልጄ በየዓመቱ እግር ይሠራላታል፤ የሌላም ሰው ልጅ እንዲሁ። ካልፈቀደ እሱ ወደ መስኮቱ ይመለሳል፤ ልጄም ወደ ጀርባዬ ትመለሳለች።

“ምን ላድርግ?” አልኩት።

“ምንም። ይዘሻት ነይና ያየሽውን ተናገሪ።”

አያችሁ፣ እሱ ጴንጤ ነው። የእሱ ሰዎች አንድ በጎ ነገር ከሆነላቸው በጉባኤ መካከል ቆመው ይመሰክራሉ። በዚያን ዘመን የጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ ነበርና በየቤቱ ተሰብስበው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚመሰክሩት፤ ቢሆንም ይመሰክራሉ። እኛ ደግሞ በጎ ነገር ሲሆንልን እንሸፍነዋለን። ልጅ በሰው ፊት አይወደስም። ዳነ፣ ወፈረ፣ ጎበዘ አይባልም። “ልጅሽ እንዴት ናት?” ቢሉሽ “አልሐምዱሊላህ፣ እንደ ነገሩ ናት” ብለሽ ወሬ ትቀይሪያለሽ። ዓይን ክፉ ነው። እኔማ የልጄን ስም እንኳ በገበያ መካከል አልጠራም፤ “አንቺ አመዳም” ነው የምላት። እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ሴት ነው ከሦስት የማላውቃቸው ሰዎች ፊት ቆመሽ ልጄ ዳነች በይ ያላት።

ጎረቤቴ ዘመድ የገደለችው ለዚህ ነው።

በቀጠሮው ቀን ካላት ሁሉ አስቀያሚውን ቀሚስ አለበስኳት። ግንባሯ ላይ ጥላሸት ቀባሁ። መንገዱ ከደሴ ቁልቁል እየተጠማዘዘ ነው የሚወርደው፤ እኔ በየመታጠፊያው የአውቶቡሱን ሾፌር “ቀስ በል ልጄ” እለዋለሁ። በመጨረሻ ዞር ብሎ “እናቴ፣ ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩ ቆሜያለሁ ማለት ነው” አለኝ። ልጄን በጆሮዋ መከርኳት፦

“ሰዎቹ ሲያዩሽ እንዳትፈጥኚ። ቀስ ብለሽ ተራመጂ።”

“ላነክስ?”

“ትንሽ ብታነክሺ አይጎዳም።”

“በየትኛው?”

“ዝም በይ” አልኳት። መልሱን ብነግራት ኖሮ ብዙ ጣጣ በቀረ ነበር።

ኮምቦልቻ ሞቃት ነው፤ ኮሚቴው ሲደርስ ላባቸውን እየጠረጉ ነው የወረዱት። ጠዋት ደሴ ላይ የሌላ ማኅበር ሥራ አይተው መምጣታቸው ነው። መርፌ መቀቀያ ድስት ነው አሉ፤ ውኃው ፈልቶ መርፌው ሲነጻ በራሱ ያፏጫል። ሊቀ መንበሩ እጅግ ወዶት ነበር። ምን ይገርማል፤ ድስት ዓይን አይፈራም፣ ያለውን ያፏጫል።

ሊቀ መንበሩ የሌላ አገር ሰው ነው፤ ወሎ ከተመደበ ገና መንፈቅ አልሞላውም። ልጄን እንዳየ “እንዴት ያለች ቆንጆ ልጅ ናት” አለ። ማሻአላህ ሳይል። ጥላሸቱም አላገደውም። በቀሚሴ ሸሸግኋት።

“ትውጣና ትራመድ” አለ።

ልጄ ወጣች። ሁላችንን አየችን፤ ዓይኗ ውስጥ ያለውን ነገር እኔ ስለማውቀው ፈራሁ። ከዚያ ግቢውን አቋርጣ እያነከሰች ሄደች፣ እያነከሰች ተመለሰች። ያነከሰችው በግራ እግሯ ነው። በጤነኛው።

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አንሥቶ “ጤነኛውንም እግር ያበላሻል ብዬ ልጻፍ?” አለ።

ብረት ሠሪው ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ እንደ ጋለ ብረት ቀላ። ቆዳ ሰፊው ሳቁን ለመዋጥ ወደ ግድግዳው ዞሮ የሌለ ሚስማር ይፈልግ ጀመር።

ወደ ጥላው ገብተን ሻይ ተቀዳ። ልጄን ከደጅ እንድትቆይ አደረግኋት። ሊቀ መንበሩ በትሕትና ነው የጠየቀኝ፤ ሐሰት አልናገርም።

“ጓድ እናት፣ ይህ መሣሪያ ለልጅዎ ምን ጠቀማት?”

“አልሐምዱሊላህ” አልኩ።

“ጠቀማት ማለት ነው?”

“አላህ ያውቃል።”

“ከበፊቱ ተሻሽላለች?”

“እንደ ነገሩ ናት።”

“በፊት ትራመድ ነበር?”

“ሰው ሁሉ እንደ አቅሙ ነው።”

ጸሐፊው አንድም ነገር ሳይጽፍ ያየኛል። “እንደ ነገሩ ማለት አዎን ነው ወይስ አይደለም?” ብሎ ሊቀ መንበሩን ጠየቀው።

“እኔን ለምን ትጠይቀኛለህ?” አለው ሊቀ መንበሩ።

“እህቴ” አለኝ ብረት ሠሪው ቀስ ብሎ፤ “ድስቱ እያሸነፈን ነው።”

ገብቶኛል። የልጄ እግር በአንደበቴ ላይ ተንጠልጥሏል። ግን አፌን ስከፍት የሚወጣው ያው “እንደ ነገሩ” ነው። አንድ ቃል ተናግሬ ልጄ በማግሥቱ ብትወድቅብኝ ማን ያነሣልኛል? ኮሚቴው?

ሊቀ መንበሩ ሰዓቱን አየና “እንግዲህ ድካማችሁን እናደንቃለን” ብሎ ቆብ ማንሣት ሲጀምር፣ ከወደ ጓሮ የውሻ ጩኸት ተሰማ። ከጩኸቱ ፊት ፊት ሲጢጥ፣ ሲጢጥ፣ ሲጢጥ። ያን ድምፅ እንደዚያ ፈጥኖ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ልጄ ከጎረቤት ዛፍ የሰረቀችውን ዘይቱን በቀሚሷ ሙሉ ታቅፋ የቤቱን ጥግ ዞረች፤ ከኋላዋ ዛፉን የሚጠብቀው የጎረቤት ውሻ። የብረቱን ክምር ዘላ አለፈች። አግዳሚው ላይ ወጣች። ከአግዳሚው ወደ ሊቀ መንበሩ ወንበር ኋላ ወረደችና በካኪው ተከለለች። ውሻው ካኪውን ሲያይ ቆመ፤ የዘመኑን ነገር ያውቃል። ዘይቱኑ መሬት ላይ ተንከባለለ። ሾፌሩ በመኪናው መስኮት እስከ ወገቡ ወጥቶ “ያቺ የማትራመደው ልጅ ናት?” ብሎ ተጣራ።

እኔ የሆንኩትን ሳላውቅ ተነሥቼ ነጠላዬን ከአናቷ እስከ እግሯ ጣልኩባትና እንትፍ እንትፍ አልኩባት።

“ጓድ እናት” አለ ሊቀ መንበሩ፣ “አሁንም እንደ ነገሩ ናት?”

“እንደ ነገሩ ናት።”

“ከውሻ አምልጣ!”

“ውሻው አሮጌ ነው” አልኩ።

ቆዳ ሰፊው ሚስማር ፍለጋውን ትቶ ከግቢው ወጣ። ከአጥሩ ውጭ ሲስቅ ይሰማል።

ሊቀ መንበሩም መሳቅ ፈልጎ ነበር፤ ግን ቁጭ ብሎ በቁም ነገር አስረዳኝ። “ዓይኔ አይቷል። ነገር ግን ስትሮጥ አየሁ ብዬ ብጽፍ የበላይ አካል አንተ ሐኪም ነህ ወይ ይለኛል። መመሪያው የተጠቃሚ ቃል ይላል። ልጅቷ ሕፃን ናት፤ ከእናቷ አፍ መስማት አለብኝ። አለበለዚያ ገንዘቡን ለድስቱ እሰጣለሁ።”

እስከዚያ ድረስ ነርሷ አንድ ቃል አልተናገረችም። የእኛው አገር፣ የገራዶ ልጅ ናት፤ ያን በኋላ ነው ያወቅሁት። ወንበሯን ትታ መጥታ አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ከመሬት አንድ ዘይቱን አንሥታ ጠረገችና ገመጠችው።

“እትዬ” አለችኝ፣ “መሻሻሉን ተይው። ይቺ ልጅ አስቸግራሻለች፣ አይደል?”

እንዴት ያለ ጥያቄ ነው። ሆዴ ከዚያ በፊት እንደዚያ ተከፍቶ አያውቅም።

“አስቸገረችኝ ትይኛለሽ?” አልኩ። “ወላሂ ቤት አትቀመጥም። ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሣ ወጥታለች። ከቤት እስከ ወፍጮ ቤት፣ ከወፍጮ ቤት እስከ ወንዝ። ውኃ አትቅጂ ብዬ ብከለክላት ጆግ ይዛ ትጠፋለች፤ ጆጉንም ሰበረችው። የጎማ ጫማ እንደ ዳቦ ትበላለች፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላ። የሴትየዋን ዶሮ አባራ እንቁላል አስጣለቻት፤ ተጣላን። ትናንት የማን ግድግዳ ላይ አገኘኋት መሰለሽ? የቀበሌው ሊቀ መንበር ግድግዳ ላይ። ምን ታደርጊያለሽ ብላት ደሴን አያለሁ አለችኝ።”

“ውይ፣ ምን ያለች ባለጌ ናት” አለች ነርሷ፤ በዓይኗ ጸሐፊውን ትጠቅሳለች። ጸሐፊው አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል። “ሌላስ?”

“ሌላማ ስንቱን። ትምህርት ቤት አስገቢኝ ብላ ታደርቀኛለች። ዳገት ነው ስላት ትናንት ሄጄ አየሁት፣ አይከፋም ትለኛለች። ማን ላከሽ? እኔን በጭንቀት ልትገድለኝ ነው።”

ሊቀ መንበሩ ወደ ፊት ጎንበስ አለ። ነገሩ እየገባው ነው። “ጓድ እናት” አለ በለዘበ ድምፅ፣ “ይህን ሁሉ ያስቸገረችዎ ብረቱን ከማሰሯ በፊት ነው ወይስ በኋላ?”

“በፊትማ በየት እግሯ!” አልኩ።

ከዚያ አፌን በእጄ ያዝኩ። ወጥቷል።

“ጌታ ይመስገን” አለ ብረት ሠሪው። በዚያን ዘመን ከኮሚቴ ፊት እንደዚያ አይባልም። ከአጥር ውጭ ሆኖ የሚያዳምጠው ቆዳ ሰፊ አምስት ሰው የሳለ ይመስል ሳለ። ጸሐፊው ቀና ብሎ “ምን አለ?” ሲል፣ ነርሷ “ሻይ ይጨመር አለ” አለችው። ሻይም ተጨመረ።

ሊቀ መንበሩ ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። “ዶሮዋም ትግባ” አለ፤ “የበላይ አካል ይህን አንብቦ ካላመነ እኔ ምንም ማድረግ አልችልም።” ከዚያ ለመሄድ ተነሣና ልጄን ሊያሞግሳት አፉን ሲከፍት ነርሷ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው። ሰውየው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ አነሣና “ማሻአላህ” አለ፤ መፈክር ይመስል። ሾፌሩም ከመኪናው ሆኖ ተቀበለው። እኔም በዚያ ሁኔታ ይሠራል አይሠራም ብዬ ብዙ ተጨንቄያለሁ። ሠርቷል መሰለኝ።

ብረቱ ከክረምቱ በፊት መጣ። ለማኅበሩ የብየዳ መሣሪያም ገባለት፤ ከአልጋ መቁረጥ ቀረ። ድስቱም ድርሻውን አላጣም፤ በኋላ ልጄን መርፌ ሲወጓት አንዱ ጥግ ላይ ሆኖ ሲያፏጭ ሰምቼዋለሁ። የቀሩት ሁለት እናቶችም በየተራ ልጆቻቸውን ይዘው ወረዱ፤ ግን ወዴት እንደ ሄዱ አልተናገሩም፣ እኔም አልጠየቅሁ። ልጄ በየዓመቱ ተለካች። ብረት ሠሪው የሲባጎ ቋጠሮውን ከፍ ባደረገ ቁጥር “ዘንድሮም አስቸግራለች?” ይለኛል፤ “እጅግ” እለዋለሁ። ዳገቱን እየወጣች ትምህርቷን ጨረሰች። ማጠፊያው ግን አንድ ቀን ዝም ብሎ አያውቅም። ዝም የሚል ልሥራልሽ ቢላት “እናቴ በምን ታውቀኛለች?” አለችው።

ዛሬ ሌላ ዓይነት ነው የምታደርገው፤ ቀላልና ድምፅ የሌለው። እንዴት ናት የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አስቸግራኛለች እላለሁ። ስልክ ስደውል ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነኝ ነው የምትለው። ከዚህ በላይ አታናግሩኝ።

የመጨረሻው ብረት የተሠራላት ያ መንግሥት ሊወድቅ ሲል፣ ጦርነቱ ወደ ወሎ በቀረበበት ጊዜ ነው። ለብሳ እንድትሞክረው ስንወርድ ግቢው ተዘግቶ አገኘነው፤ ብረቱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከዘይቱኑ ባለቤት ዘንድ ተቀምጦልናል። ልክክ አለ። ብረት ሠሪው ግን አልነበረም። አንዱ ወደ ባቲ ወረደ ይላል፤ ሌላው አሰብ ሥራ አግኝቷል አለ፤ ቆዳ ሰፊውን ኋላ ሳገኘው እሱም አያውቅም። ረዘም ያለ፣ ቀይ ዳማ፣ የግራ እጁ አውራ ጣት ጥፍር የሌለው፣ ሲባጎ ከኪሱ የማይጠፋ ሰው ነው። የሄደበትን የምታውቁ ካላችሁ፣ በሕይወት መኖሩንም ብቻ ቢሆን፣ እባካችሁ ንገሩኝ።